አንዴ ብቻ የሚጠይቁ ሰዎች

ሰኞ፣ ሰኔ 8 ቀን 2012

መለስኩ! በሪም ስም፣ በሪም ኮምፒዩተር፣ ሊጥ በተጣበቀበት ጣቴ ቁልፉን ተጭኜ መለስኩ።

ከመጀመሪያው ልጻፈው። ሪም የምሠራበት ቤት ልጅ ናት፣ አስራ ሰባት ዓመቷ። ኮሮና ትምህርት ቤቱን ሲዘጋው እናቷ ማማ ዙወይና "ልጄ ሥራ ፈት አትሆንም" ብላ አሜሪካ ካሉ አንዲት ጡረተኛ አስተማሪ ዘንድ የእንግሊዝኛ ኮርስ አስመዘገበቻት። በስክሪን ነው። ስምንት ተማሪዎች፣ ከስምንት አገር። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከአሱር ሶላት በኋላ፣ በቀን አንድ ሰዓት። እዚያ ገና ጠዋት ስለሆነ አስተማሪዋ ሚስ ሊንዳ ፀጉራቸው እንደረጠበ ብቅ ይላሉ። የአሜሪካንን ኑሮ፣ ታሪክና ጽሑፍ ይዘው ነው ቋንቋውን የሚያስተምሩት፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቃል ከየት እንደመጣ መናገር ይወዳሉ። ሪም ግን በሦስተኛው ቀን ሰለቻት። ካሜራውን ታጠፋና ኮምፒዩተሩን ኩሽና እኔ ጋ ታስቀምጠዋለች። "ሰዓዳ፣ ስሜን ከጠሩ ጥሪኝ፣ ያላ!" ትልና ፎቅ ትወጣለች። እኔ ዳቦ እያቦካሁ እሰማለሁ። ሁለተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ።

ዛሬ ስለ ፍራሽ አወሩ። በእንግሊዝኛ ማትረስ ይባላል። ቃሉ የእንግሊዞች አይደለም፣ ከሩቅ የመጣ ነው፣ መሬት ላይ ከሚጣል ነገር የወጣ ስም ነው አሉ። ከየት ይመስላችኋል? ብራዚሏ ዝም። ጃፓኑ ዝም። እኔ እጄ ሊጥ ውስጥ እንዳለ የመጥራህ ገበያ ትዝ አለኝ። ያኔ ገበያው ሳይዘጋ፣ ማማ በመኪና ስትወስደን፣ መጥራህ ማለት ዕቃ የሚጣልበት፣ የሚራገፍበት ቦታ ነው ብላ ነግራን ነበር። መጥራህ፣ ማትረስ። እህ! ሪምን ልጥራት ብል ደረጃው ረጅም ነው፣ ጥያቄውም ያልፋል። የማይኩን ቁልፍ ተጫንኩትና "ከዓረብኛ ነው፤ እዚህ ሙስካት በዚህ ስም የሚጠራ ሰፈር አለን" አልኩ።

ሚስ ሊንዳ አጨበጨቡ። "ግሩም ነው ሪም!" አሉ።

ሪም ወርዳ ስትሰማ በደስታ ዘለለች። "ሁልጊዜ አንቺ መልሺ!" አለችኝ። ቁልፉ ሥር የገባውን ሊጥ በጥርስ እንጨት ፈልፍዬ አወጣሁት።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 9

የሁለት ሳምንቱን ምርኮዬን እዚህ ላስቀምጥ፣ እንዳይጠፋ፦

መጋዘን። የኛው መጋዘን! ከዓረቦቹ መኽዘን ተነስቶ፣ በጣልያኖች በኩል አልፎ እኛ ጋ ደርሷል። እንግሊዞቹ ጋ ሲደርስ ማጋዚን፣ መጽሔት ሆነ፤ የወሬ ማከማቻ ማለት ነው።

አልኮል። ይህም ከዓረብኛ፣ ከኩል። ዓይናችንን የምንኳለው ኩል! ባባ፣ የሪም አባት፣ ወጠያ ካለው መኪና መሸጫ ሲመለስ ማማ በር ላይ ቁልቁል እስከ ጫማው በአልኮል ትረጨዋለች። ዛሬ ሲረጭ አይቼ ለብቻዬ ሳቅኩ፤ ተኩሎ ገባ።

ጉድባይ። ድሮ "ፈጣሪ ካንተ ጋር ይሁን" ነበር አሉ። ሲጣደፉ አሳጠሩት።

ሌዲ። ይህን ስሰማ ማቡኪያውን ትቼ ቁጭ አልኩ። በጥንቱ እንግሊዝኛ ዳቦ የምታቦካ ሴት ማለት ነበር። ሎርዱ ደግሞ የዳቦው ጠባቂ። ማማ ዙወይና በዕድሜዋ ሊጥ ነክታ አታውቅም። እንግዲያ የዚህ ቤት ሌዲ ማን ናት? ለሪም ስነግራት በሳቅ ተንከባለለች። ከዚያ ወዲህ "ሌዲ ሰዓዳ፣ ውሃ አምጪልኝ" ትለኛለች። ማዕረጉ ውሃ ከማመላለስ አላዳነኝም።

ስለ አገራቸው ኑሮም የገረሙኝ አሉ። ያረጀ ዕቃቸውን ሣር ላይ ዘርግተው ለጎረቤት ይሸጣሉ፣ ማንም አያፍርም። ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ማንም ሰው ያለ ክፍያ አምስት መጽሐፍ ይዞ ቤቱ ይሄዳል። ማንም! ደግሞ አንቱ የሚባል ነገር የላቸውም። ትናንት ለሰባ ዓመት ሴት አንቱ በሌለበት ቋንቋ መለስኩ፤ ምላሴን ነከስኩት። ስለዚህ እዚህ ደብተር ላይ በአማርኛ አንቱ እያልኩ እክሳቸዋለሁ።

ሐይቅ ከተማ አስረኛ ክፍል ስጨርስ እንግሊዝኛ ኤ ነበረኝ። ብቸኛዋ ኤዬ። ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት አልፏል፣ አራቱ እዚህ መዲናት ሱልጣን ቃቡስ፣ በዚሁ ቪላ። ያቺ ኤ የሞተች መስሎኝ ነበር።

አንድ የሚከነክነኝ አለ። የሪምን የቤት ሥራም እኔ ነኝ የምጽፈው። በሰው ስም መሞገስ ውሸት ነው። አስተግፊሩላህ እላለሁ፣ ነገ ግን አሱር እስኪደርስ ደቂቃ እቆጥራለሁ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 10

ጉዴ ፈላ።

ሪም ከእናቷ ጋር ጥርስ ሐኪም ጋ ሄዳ ነበር። ሚስ ሊንዳ "ዛሬ ሁላችሁም ፊታችሁን አሳዩኝ፤ ከጥቁር ሳጥን ጋር ማውራት ታከተኝ" አሉ። የሁሉም ካሜራ አንድ በአንድ በራ። "ሪም፣ አንቺስ?"

ክዳኑን ብዘጋው አለቀ ነበር። ግን እኒያ ሴትዮ ለሁለት ሳምንት ጽሑፌን እያዩ ጎበዝ፣ ጎበዝ ሲሉኝ ከርመው እንደ ሌባ ልሸሻቸው አልቻልኩም። ሽርጤን ፈታሁ፣ ሒጃቤን አስተካከልኩ፣ ካሜራውን ከፈትኩ። "ሪም አይደለሁም። ስሜ ሰዓዳ ነው። የቤቱ ሠራተኛ ነኝ። ይቅርታ።" ከዚህ በላይ እንግሊዝኛ አልመጣልኝም።

ማትረስን የመለስሽው አንቺ ነሽ? አዎ። ስለ ሌዲ የተጻፈውስ? አዎ። ሚስ ሊንዳ መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ፣ ዓይናቸውን ጠረጉ። ሌሎቹ ሲወጡ እኔን አስቀሩኝ። የብራዚሏ ልጅ እናቷ ታማባት አቋርጣለች፤ ቦታዋ ክፍት ነው፣ ክፍያው ተከፍሎ አልቋል። አራት ሳምንት ይቀራል፣ መጨረሻ ላይ ሰርተፊኬት አለው። "በራስሽ ስም፣ ሰዓዳ። ትፈልጊያለሽ?"

በራሴ ስም! ጓደኛዬ ብርቱካን የምታጸዳበት የቁሩም ሆቴል ለእንግዳ መቀበያ ሰው ሲቀጥር መጀመሪያ የሚጠይቀው የእንግሊዝኛ ወረቀት ነው። የኔ ውል በሚመጣው ዓመት ያልቃል። ያ ወረቀት ማለት መጥረጊያ አስቀምጦ ከጠረጴዛው ጀርባ መቆም ማለት ነው።

እና እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? "ኖ፣ ታንክ ዩ። በኔ አይቸገሩ።"

ልፈልገው አልፈለግኩም እኮ አይደለም! ሰው እንብላ ሲል በላሁ ይባላል። ይለምናል፣ አይ ትያለሽ። በሞቴ ይላል፣ ትቀርቢያለሽ። በመጀመሪያው ጥሪ እጁን የሚዘረጋ ያላሳደጉት ነው። እኔም እንደ ወጉ አይ አልኩና ሁለተኛውን ጠበቅኩ። ለሁለተኛው የሚሆን ፈገግታ ሳይቀር አዘጋጅቼ ነበር።

"ኦኬ ሰዓዳ፣ ይገባኛል። ስለተዋወቅን ደስ ብሎኛል" አሉና ጠፉ።

ምናልባት ይመለሱ እንደሆነ ብዬ ሊጡ ኩፍ እስኪል ስክሪኑ ፊት ቆሜ ቀረሁ። አልተመለሱም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 11

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ቀኑን ሙሉ ይህችን ተረት እያኘክኩ ምንጣፍ ጠረግኩ።

ብርቱካን ደወለች። የጎንደር ልጅ ናት፣ አራት ዓመት ያወቅኳት፣ ምላሷ ምሕረት የማያውቅ። ሆቴሉ ሥራ ስለቀነሰ ክፍሏ ተቀምጣ ሰው የምትቆጣበት ጊዜ ሞልቷታል። ስነግራት "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል አሉ፤ አንቺ ደግሞ ሹመቱን ራሱን መለስሽው!" አለች። ሁለተኛ ይጠይቁኛል ብዬ እኮ ነው ብላት፣ "ፈረንጅ እኮ ናት ሰዓዳ! ሰዓት የምታይ ሰው ናት!" አለች። ከዚያ እሷም የራሷን አመነች። ሆቴሉ መጀመሪያ ሲቀጥራት ምሳ በልተሻል ወይ ብለው ጠይቀዋት በልቻለሁ ብላ፣ እስከ ማታ ጦሟን ሠርታለች። ሳቅን። ግን አልቀለለኝም።

ሪም ደግሞ ፍርሃት ይዟታል። ሚስ ሊንዳ አጭር መልእክት ልከውላታል፦ ሰዓዳን በማየቴ ደስ ብሎኛል፣ ሪምንም ማየት እፈልጋለሁ። ለእናቷ አልነገሩም። ግን ከዛሬ ጀምሮ ሪም ራሷ ሳሎን ተቀምጣ፣ ካሜራ ከፍታ ነው የምትማረው። ኮምፒዩተሩ ኩሽናዬን ለቆ ሄደ።

ኩሽናው ጭር አለብኝ። ከአሱር በኋላ ዕቃ ሳጥብ ቆይቼ፣ አንድ ድስት ሁለት ጊዜ እንዳጠብኩ ነቃሁ።

ዓርብ፣ ሰኔ 12

የባባን ነጭ ረጃጅም ቀሚሶች፣ ድሽዳሻዎቹን፣ ይዤ መተኮሻ ጠረጴዛውን ሳሎኑ በር አጠገብ ዘረጋሁት። ሶኬቱ እዚያ ይሻላል አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም እንጂ።

ሚስ ሊንዳ የቅድመ አያታቸውን ደብዳቤ ይዘው መጡ። በረዶ በበዛበት ጠፍ አገር፣ እርሻ ላይ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ለእህታቸው የጻፉት ነው። እንዲህ ያለው የዕለት ጽሑፍ የአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ እናት ነው አሉ ሚስ ሊንዳ፤ እንደ እኔ ያለ ደብተር የያዘ ሁሉ በዚያ አገር ጸሐፊ ነው ማለት ነው። ደስ አለኝ። ደብዳቤው ውስጥ አንድ ጎረቤት አለ፤ በረዶ ውስጥ ግማሽ ቀን ተጉዞ ይመጣል። ሴትየዋ ሾርባ ትፈልጋለህ ይሉታል። አልራበኝም ይላል። "ስለዚህ ሾርባውን ለውሻው ሰጠሁት" ብለው ጽፈዋል። አለቀ! ወደ ላም በሽታ አለፉ።

ሪም ብድግ አለች፤ የኔዋ ሪም። "ለምን ደግመው አልጠየቁትም?" አለች። ሚስ ሊንዳ ግራ ገባቸው። ለምን ደግማ ትጠይቀዋለች? አልራበኝም አለ እኮ። እንደገና መጠየቅ ዋሽተሃል እንደማለት ነው፤ የሰው ቃል ይከበራል አሉ። ሪም ደግሞ በኛ ቤት እንግዳ ሦስት ጊዜ አይ ሳይል አይበላም፣ አንዴ ብቻ መጠየቅ ሂድልኝ ማለት ነው ብላ ተከራከረች። ሚስ ሊንዳ ይህን አላውቅም ነበር አሉና ወረቀት ላይ ጻፉት።

እኔ በር ላይ ካውያ ይዤ ቀረሁ። እንግዲህ ረቡዕ ዕለት ሚስ ሊንዳ አልናቁኝም። አልረሱኝም። ቃሌን አከበሩልኝ! እኔ ራሴ ያላመንኩበትን ቃል አክብረው ሄዱ። ለሁለት ቀን በሆዴ ሳማቸው ነበር፣ ወላሂ አፈርኩ።

የባባ ድሽዳሻ እጅጌው ላይ ቡናማ ሆኗል። ነገ እነግረዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 13

ዓይኔን በጨው አጥቤ ጠየቅኩ! ሁለት ቦታ!

መጀመሪያ ማማን። ያለ እሷ ፈቃድ ወንበሩ ቢገኝም ምን ይረባኛል? ሁልጊዜ አንድ ነገር ስፈልግ ስለ ጤናዋ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ አትክልቱ ዞሬ ዞሬ ሳልናገር እመለሳለሁ። ዛሬ ሳሎን ገብቼ ቆምኩና "ማማ፣ ከአሱር በኋላ በየቀኑ አንድ ሰዓት እፈልጋለሁ። ለአራት ሳምንት። እንግሊዝኛ ልማር" አልኩ። ማማ ቀና አለች። ማን ያስተምርሻል? የሪም አስተማሪ። እሷ አንቺን በምን አወቀችሽ?

እዚህ ላይ ተያዝኩ። እውነቱን ብናገር ሪም አለቀላት። ብዋሽ ደግሞ ትምህርቴን በውሸት ልጀምረው ነው። ሶፋው ላይ የነበረችው ሪም ስልኳን አስቀመጠች፣ ተነሳች፣ "ማማ፣ እኔ ነኝ" አለች። ሁሉንም ተናገረች፣ የቤት ሥራውን ሳይቀር። ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

የማማ ቁጣ ጎረቤት ተሰምቷል። የሪም ስልክ ተወሰደ፣ ኻላስ፣ በቃ፣ እስከ ኮርሱ መጨረሻ። ወደ እኔ ዞረች፤ አንቺስ ሁለት ሳምንት እንዴት ዝም አልሽኝ? ይቅርታ ጠየቅኩ። ከዚያ ማማ ሌላ ነገር ስታጣ "እንግዳ ቢመጣ ሻይ ማን ያቀርባል?" አለች። "ማማ፣ እንግዳ ማፊ፣ የለም። ኮሮና" አልኳት። ተቆጥታ ልትቆይ ፈልጋ ነበር፣ ከንፈሯ ግን አመለጣት። "እራት አንድ ቀን ቢዘገይ ኻላስ ነው፣ ትምህርቱ ይቀራል" አለች። ይህ ማለት እሺ ነው! ያን ጊዜ ስለ ተቃጠለው ድሽዳሻም ነገርኳት፤ ከቁጣው ጋር አብሮ ይለፍ ብዬ።

ቀጥሎ ለሚስ ሊንዳ። ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ዐሥራ አራት መስመር ነበር፤ ካሜራው ፊት ስለምታልፈው ድመታቸው ጠየቅኩ፣ ስለ አየሩ ጠየቅኩ፣ ስለ ቦታው ግን አንድም ቃል የለበትም። ሁለተኛው ካልተቸገሩ፣ ከተቻለ፣ ሌላ የሚፈልግ ከሌለ እያለ ይንበረከካል። ለብርቱካን በስልክ ሳነብላት "ልመና ነው ወይስ ደብዳቤ? ወገብሽን ቀና አድርጊው!" አለች። ሦስተኛው ይኸው፦ "አዎ፣ ቦታውን እፈልጋለሁ። ረቡዕ አይ ያልኩት እንደገና ይጠይቁኛል ብዬ ነው። በኛ አገር ወጉ እንዲህ ነው።"

በአንድ ሰዓት ውስጥ መልስ። "ወይኔ ሰዓዳ! ትናንት ጠዋት ከትምህርቱ በፊት ተራ ለምትጠብቅ ተማሪ ጻፍኩላት። ሱዳን ያለች ነርስ ናት፤ የሥራ ፈተናዋ በእንግሊዝኛ ነው። መልሷን መጠበቅ አለብኝ። ሰኞ አሳውቅሻለሁ።"

ሰኞ። እንግዲህ ዱዓ ነው የቀረኝ። ግን ምን ብዬ ዱዓ ላድርግ? ነርሷ አትምጣ ብዬ?

እሑድ፣ ሰኔ 14

ጠዋት ፀሐይ ተጋረደች። ግቢው በቀን ደበዘዘ፣ ወፎቹ ዝም አሉ። ባባና ማማ ቤት ውስጥ ሰገዱ፤ እኔም ከኋላ ቆምኩ።

እናቴ ከሐይቅ ደወለች፤ እዚያም ጨልሞባቸዋል። ስለ ትምህርቱ ነገርኳት። መጀመሪያ አይ አልኳቸው ስላት "እሰይ የኔ ጨዋ! እንዲህ ነው እንጂ" አለችኝ። እማ፣ በዚያው ቀሩ እኮ ብላት፣ "ይመለሳሉ፤ ሰው ናቸው አይደል?" አለች። ማስረዳት አቃተኝ፣ ስቄ ዘጋሁት።

ሰዓቱ አይሄድም። የኩሽናውን መደርደሪያ ሁሉ አውርጄ አጠብኩት። ሪም ስልክ ስለሌላት እየመጣች ትቀመጣለች፤ ሽንኩርት መላጥ ለመደች። ባታምኚም እኔ ያንቺን መልስ ስሰማ ነው መማር ያማረኝ አለችኝ ዛሬ። አመንኳት።

ሰኞ፣ ሰኔ 15

ዓሣ እያጠብኩ ስልኬ ጮኸ። በክርኔ ከፈትኩት።

"መልካም ዜና! አማል ከሱዳን ጽፋልኛለች። 'አመሰግናለሁ፣ ከኔ የባሰ ለሚፈልገው ይስጡልኝ' ብላለች። ስለዚህ ቦታው ያንቺ ነው። ይሁን ብለሽ ብቻ ጻፊልኝ።"

ጮህኩ። ዓሣው ገንዳው ውስጥ ወደቀ። ሪም ሮጣ መጣች፣ ተቃቀፍን፣ ቀሚሷን ቅርፊት አደረግኩት። አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ! እግሬ መሬት አልነካ አለኝ።

ከዚያ እጄን ታጥቤ ይሁን ልል እንደገና አነበብኩት። "ከኔ የባሰ ለሚፈልገው።" ቀዝቀዝ አልኩ።

ይህን አፍ አውቀዋለሁ። ድሮ ጎረቤት ቤት ሾፌር የነበሩት ሱዳናዊ፣ ዐም ኡስማን፣ በዚያ ሙቀት አንድ ብርጭቆ ውሃ ስሰጣቸው እንኳ ሦስቴ ላ፣ ላ፣ ላ ሳይሉ አይቀበሉም ነበር። በአራተኛው ሁለት ብርጭቆ ይጠጣሉ። ይቺ ነርስ አሁን የት ቆማ ይሆን? እንደኔ ስልኳ ፊት፣ ሁለተኛውን እየጠበቀች?

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። አልዋሸሁ፣ አልሰረቅኩ። አንዴ ተጠይቃ አይ ብላለች፤ በእነሱ ሕግ አልቋል። ሪምን አማከርኳት፣ "መጅኑና፣ እብድ ነሽ? ይሁን በይ!" አለችኝ። ብርቱካንን አማከርኳት፣ እሷ እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ምክር አጣች። "ሆድሽ ያውቃል" ብላ ዘጋችው።

ዓሣውን ጠበስኩ። ሩዙን አወጣሁ። ዙሁር ሰገድኩ። ከዚያ ጻፍኩ፦ "ሚስ ሊንዳ፣ እባክዎ አማልን እንደገና ይጠይቋት። አንድ ጊዜ ብቻ። እኔ ያልኩትን ነው ያለችው።"

ላኪ የሚለውን ተጫንኩ። ከላክሁት በኋላ ደግሞ ሞኝ ነኝ ብዬ ራሴን ስሰድብ ዋልኩ። አሁንም እየሰደብኩ ነው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 16

ጠዋት ስነሳ መልሱ ገብቶ ነበር። ሩዝ ጆንያው ላይ ቁጭ ብዬ ከፈትኩት።

"አማልን ደግሜ ጠየቅኳት። በሁለት ደቂቃ ውስጥ አዎ አለች። የመጀመሪያውን ከላከች ጀምሮ ስልኳን ሳትለቅ ነው የከረመችው።"

ደስ አለኝ ብዬ ብጽፍ ይቺ ደብተር ትታዘበኛለች። አለቀስኩ። ልክ እንደነበርኩ ማወቄም አላጽናናኝም፤ ወንበሩን በገዛ እጄ አንስቼ ሰጥቻለሁ። ሒጃቤ ጫፍ ላይ ተናፈጥኩና ስልኩን ልዘጋው ስል፣ ጽሑፉ ወደ ታች እንደሚቀጥል አየሁ።

"አሁን ደግሞ ወደ አንቺ ልምጣ። ከስምንት ሰው በላይ አስተምሬ አላውቅም፤ የእያንዳንዱን ጽሑፍ ቁጭ ብዬ ማረም ስላለብኝ ነው። ግን ዓርብ ዕለት ሪም ያለችውን ጽፌ ይዤዋለሁ፣ ቅዳሜም አንቺው ራስሽ ነገርሽኝ፣ እኔ ግን እስከ ትናንት አልገባኝም ነበር። የዘጠነኛዋንም ጽሑፍ አርማለሁ። ሰዓዳ፣ ሁለተኛ እጠይቅሻለሁ። ትፈልጊያለሽ?"

አዎ ብዬ ላክሁ። አልሄደ መስሎኝ እንደገና አዎ። ሦስተኛም። ሦስቱም ደርሰዋል። ማማ ምን ሆነሽ ነው ጆንያ ላይ የምትጮኺው ብላ መጣች፤ ነገርኳት። "ማብሩክ" አለች፤ ቀጥላም "እራት" አለች።

ከአሱር በኋላ ሪም ፎቅ በኮምፒዩተሯ፣ እኔ ኩሽና በእሷ አሮጌ ታብሌት፣ የዱቄቱን ጣሳ አስደግፌ። ስሜ ከፊቴ ሥር ተጽፏል፦ ሰዓዳ። ብዙ ጊዜ አየሁት። አማል ነጭ ሻርፕ አድርጋለች፤ መብራት እየሄደባት ትጠፋለች፣ ትመለሳለች። ሚስ ሊንዳ ነግረዋት ይሁን አላውቅም፣ እኔን ስታይ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። እኔም አደረግኩ።

ከዚያ አንድ ገጽ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ የዚያች የእርሻ ሴት ሌላ ደብዳቤ። ሚስ ሊንዳ ማን ያንብብልን አሉ። ጃፓኑ አጎነበሰ። አማል አጎነበሰች። ሪም ፀጉሯን ነካካች። ዘጠኛችንም ሌላው ይጀምር ብለን የሰው ፊት እናያለን።

እጄን አወጣሁ። ሁለት ቃል ላይ ወደቅኩ፣ ሚስ ሊንዳ አንስተው አቆሙኝ። እስከ መጨረሻው ግን አነበብኩት።